ርካሽ የባሕር ዳርቻ ሪዞርት ከመያዛችሁ በፊት፦ ምሥራቅ ዛንዚባር፣ ሰሜን ዛንዚባር ወይስ ዲያኒ?

በአነስተኛ በጀት ባሕር ዳር ማረፍ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ሰው ዛሬ ዛሬ ቶሎ የሚሰማው ሁለት ስም ነው፤ የታንዛንያዋ ደሴት ዛንዚባርና የኬንያዋ ሞምባሳ (ዲያኒ ከሞምባሳ በስተደቡብ ያለ ዳርቻ ነው)። ሁለቱም ቅርብ ናቸው። ወደ ዛንዚባር በቀጥታ በረራ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ወደ ሞምባሳ ደግሞ ከዚያ ትንሽ ያንሳል። የሆቴሎቹን ዋጋ ስታዩ ልብ ይከጅላል። ነጭ አሸዋ፣ መዋኛ ገንዳ፣ ቁርስ ምሳ እራት፣ ሁሉም በአንድ ሂሳብ። አንዳንዱ ቢሾፍቱ ካለ ደህና ሎጅ ያንሳል።

ታዲያ ሄደው ተበሳጭተው የተመለሱ ሰዎችን ብትጠይቁ ቅሬታቸው ይመሳሰላል። ባሕሩ ሩቅ ነው፣ ዝናብ ነበር፣ ምግቡ አይበላም፣ ያልተባለ ክፍያ መጣ። እነዚህ ነገሮች ግን አብዛኞቹ ቀድመው ሊታወቁ የሚችሉ ናቸው። ገንዘብ አጠራቅሞ፣ ፈቃድ ለምኖ የሚሄድ ሰው በማያውቀው ነገር ሲጎዳ ያሳዝነኛል። ስለዚህ እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ይሄ ነው። መጀመሪያ ዳርቻውን ምረጡ፣ ቀጥሎ ወሩን፣ ሆቴሉን በመጨረሻ።

ምሥራቁ ጠረፍ፦ ርካሽ የሆነበት ምክንያት አለው

ባለቤቴና እኔ ያረፍንበት ሪዞርት በዛንዚባር ደቡብ ምሥራቅ፣ ከጃምቢያኒ መንደር ወጣ ብሎ ነበር። ስሙ ይቅር። ሦስቱንም ምግብ ያካተተ፣ ባለ ገንዳ፣ ፎቶው ላይ ውሃው በረንዳው ሥር የደረሰ። በመጀመሪያው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ፎጣ ይዘን ወረድን። ባሕሩ የለም። ውሃው ሄዶ ሄዶ በሩቅ አንድ ነጭ መስመር ብቻ ይታያል። ማዕበሉ የኮራሉን አለት የሚመታው እዚያ ነው። ከእኛ እስከዚያ ድረስ እርጥብ አሸዋ፣ የባሕር ሣርና ትንንሽ ኩሬዎች። በየኩሬው ውስጥ ደግሞ ጃርት የመሰለ ጥቁር እሾሃም ፍጥረት ተጣብቋል። እሱን በባዶ እግር የረገጠ ሰው ዕረፍቱ እዚያው ያበቃል።

መሃል ሜዳው ላይ የመንደሩ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይሠራሉ። እንጨት ቸክለው፣ በእንጨቶቹ መሃል ገመድ ወጥረው፣ ገመዱ ላይ የባሕር ሣር ያስራሉ። ሣሩ ሲያድግ ይለቀምና ይደርቃል፤ ወደ ውጭ ይሸጣል። ለሴቶቹ ትልቅ የገቢ ምንጭ ነው። እኛ መዋኛ ያልነው ቦታ የእነሱ እርሻ ነው ማለት ነው።

የሪሴፕሽኑ ልጅ «ከሰዓት ይመለሳል» አለን። እውነቱን ነው፤ ተመለሰ። ይሄ የሆቴሉ ጥፋት አይደለም፤ የጠረፉ ተፈጥሮ ነው። ጥፋቱ ይህን አለመንገራቸውና ፎቶውን በሙላት ሰዓት ብቻ ማንሳታቸው ነው።

የቀረው ግን የሆቴሉ ነው። ገላችንን ስንታጠብ ሳሙናው አረፋ አልሰጥ አለ። ውሃው ጨዋማ ነው፤ ከጉድጓድ ስቦ በቀጥታ ወደ ቧንቧ። ኤሲው ከምሽት እስከ ንጋት ብቻ ይሠራል። እራቱ ሩዝ፣ ጎመንና ዶሮ፤ በማግሥቱም ሩዝ፣ ጎመንና ዶሮ። ቡናው በቴርሞስ የቀረበ የቆርቆሮ ቡና ነው፤ ከቡና አገር ለመጣ ሰው ይሄ ቀላል ቅሬታ አይደለም። ወጥተን እንብላ ብንል መንደሩ ሩቅ፣ መንገዱ ጨለማ፣ ታክሲው ደግሞ የሆቴሉ ነው። ዋጋውም በሆቴሉ ልክ።

ሆኖም ምሥራቁን ጨርሶ አትተዉት። ፓጄ፣ ጃምቢያኒ፣ ብዌጁ፣ ማቴምዌ የሚባሉት መንደሮች ውብና ጸጥ ያሉ ናቸው። ሩቅ ያለው የኮራል አለት ማዕበሉን ስለሚሰብረው ዳር ያለው ውሃ ረጋ ያለና ጥልቀት የሌለው ነው። ዋና ለማይችል ሰው (ከእኛ አገር አብዛኛው እንደዚያ ነው) ውሃው ግማሽ ሲሞላ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ሰዓቱን ማወቅ ብቻ ነው የሚፈለገው።

ሰዓቱ ደግሞ በጨረቃ ይታወቃል። በዛንዚባር ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና አዲስ በምትወጣበት ሰሞን ባሕሩ በጣም ይሞላል፣ በጣምም ይጎድላል። ጉድለቱ የሚብሰው ጠዋት አራት ሰዓት አካባቢ ነው። ሙላቱ ከሰዓት አሥር ሰዓት አካባቢ ይመጣል። ከዚያ ሰዓቱ በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ስለዚህ ጨረቃ ግማሽ በምትሆንበት ሳምንት ነገሩ ይገለበጣል፤ ጠዋት ውሃ አለ፣ ጉድለቱም ቀለል ይላል። ምሥራቁን ከመረጣችሁ ቀናችሁን ግማሽ ጨረቃ ላይ ጣሉት። የውሃ ጫማም ያዙ።

በነገራችን ላይ ሰዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ለእነሱም አንድ ሰዓት ነው። የጀልባ ሰው «ሁለት ሰዓት እንገናኝ» ካላችሁ የትኛውን እንደሆነ ጠይቁ እንጂ በፈረንጅ ነው ብላችሁ አትደምድሙ።

ሰሜኑ፦ ኑንግዊና ኬንድዋ

እዚህ የባሕሩ ወለል ቶሎ ስለሚጠልቅ ውሃው ብዙ አይሸሽም። ቀኑን ሙሉ መዋኘት ይቻላል። ጀምበር ስትጠልቅ የሚታየውም በዚህ በኩል ነው። በዚህ ምክንያት ሰሜኑ ይወደዳል፣ ይጨናነቃልም። አሸዋው ላይ በተጋደማችሁ ቁጥር የጀልባ ጉዞ፣ የቅመም እርሻ ጉብኝት፣ የእጅ አምባር የሚሸጥ ወጣት ይመጣል። «አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም» ብሎ በትሕትና ማለፍ ነው። ኬንድዋ ላይ ሌሊቱን የሚደለቅ ሙዚቃ አለ፤ ለእንቅልፍ የሄደ ሰው ይህን ይወቅ። ኑንግዊ ላይ ደግሞ በሙላት ሰዓት አንዳንዱ የአሸዋ ክፍል በውሃ ይዋጣል፤ የኬንድዋው ሰፊ ነው።

ባሕሩን ፊት ለፊት የሚያይ ክፍል ሰሜን ላይ ውድ ነው። መፍትሔው መንደሩ ውስጥ መግባት ነው። ከባሕሩ አምስት አሥር ደቂቃ በእግር የሚያስኬዱ ትንንሽ የእንግዳ ማረፊያዎች አሉ፤ ክፍል፣ አጎበር፣ ማራገቢያ፣ ቁርስ። ገንዳ የላቸውም። ባሕሩ እዚያው እያለ ገንዳ ምን ያደርጋል?

እኛ ከሪዞርቱ ከወጣን በኋላ የቀሩትን ቀናት እንዲህ ባለ ቤት አሳለፍን። ባለቤቷ ጠዋት ቻፓቲ፣ ማንጎና በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ባቄላ ታቀርብ ነበር። ይህን የምለው በተለይ ለጾመኞች ነው። የሰዋሂሊ ወጥ ቤት ለጾም ምቹ ነው። ባቄላው፣ ጎመኑ፣ ሩዙ በኮኮናት ስለሚሠራ ቅቤ አለበት ወይ ብሎ መጠየቅ የለም። ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ ሐላል ለሚፈልግም ጭንቀት አይኖርም። መንደር ውስጥና ስቶን ታውን (አሮጌው የዛንዚባር ከተማ) ስትሄዱ ግን ትከሻና ጉልበት ሸፈን ማድረግ አክብሮት ነው።

ኦል ኢንክሉሲቭ ወይስ ቁርስ ብቻ?

ውድ ሆቴል ላይ ኦል ኢንክሉሲቭ (ሁሉን ያካተተ ዋጋ) ጥሩ ነገር ነው። ርካሽ ሆቴል ላይ ግን ሂሳቡን አስቡት። ባለሆቴሉ በዚያች ዋጋ ሦስት ምግብ ሊሰጣችሁ ቃል ከገባ ከየት ይቆጥባል? ከዓሣው፣ ከፍራፍሬው፣ ከቡናው፣ ከጄኔሬተሩ ነዳጅ። እናንተ ደግሞ ቀድማችሁ ስለከፈላችሁ ውጭ መብላት ሁለት ጊዜ መክፈል ይሆንባችኋል። እኔ በግሌ ለርካሽ በጀት ቁርስ ብቻ ያለበትን እመርጣለሁ፤ ያለ ማመንታት።

ምሳሌ ልስጥ፤ ቁጥሮቹን በራሳችሁ ተኩ። ምሥራቁ ጠረፍ ላይ ለሁለት ሰው ሁሉን ያካተተ በ80 ዶላር፣ ሰሜን መንደር ውስጥ ቁርስ ብቻ ያለበት በ45 ዶላር አገኛችሁ እንበል። ልዩነቱ በቀን 35 ዶላር ነው። በዚያ ገንዘብ ኑንግዊ ላይ ሁለት ሰው ምሳና እራት ከመንደር ምግብ ቤት በደንብ ይበላል፤ አንዳንድ ቀን የተጠበሰ ዓሣ ጭምር። ሪዞርቱ ግን ሩቅ ስለሆነ በታክሲ የምታወጡት በላዩ ይደመራል። መጨረሻ ላይ «ርካሹ» ርካሽ አይሆንም።

ሪዞርት የሚያዋጣው አንድ ዓይነት ቤተሰብ አለ፤ ትንንሽ ልጆች ያሉት። ልጆች ገንዳ ይበቃቸዋል፣ ምግብ በሰዓቱ ይፈልጋሉ፣ መንደር ውስጥ መዞር ይደክማቸዋል። እንዲህ ከሆነ ግን ከዛንዚባር ይልቅ ወደ ኬንያ እልካችኋለሁ።

ዲያኒ

ዲያኒ ከሞምባሳ በስተደቡብ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ለእኛ ፓስፖርት ኬንያ ቪዛ አለመጠየቋ ነው። ለታንዛንያ ግን ቪዛ ስላለ አመልክታችሁ እጃችሁ ካስገባችሁ በኋላ ነው ቲኬት መቁረጥ። ለሁለቱም አገር የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋል፤ ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሰው ይጠየቃል።

ዲያኒ ላይም ውሃው ይሸሻል። በአብዛኛው ግን እንደ ጃምቢያኒ አይርቅም፤ አሸዋውም ለስላሳ ነው። ሆቴሎቹ፣ ሱፐርማርኬቱ፣ ምግብ ቤቶቹ በአንድ ረጅም መንገድ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ባጃጅ እንደ ልብ ነው። ይሄ ማለት ሆቴላችሁ ምግቡ ባይጥማችሁ እስረኛ አትሆኑም። ለቤተሰብ ደግሞ ከሪዞርት የተሻለ ነገር አለ፤ ኩሽና ያለው ጎጆ ወይም አፓርታማ። ብዙዎቹ ምግብ አብሳይ አላቸው ወይም ያመጡላችኋል። ዓሣውን ከአጥማጅ ገዝታችሁ ለአብሳዩ መስጠት ነው። ለልጆች ፓስታ፣ ለጾመኛ ሽሮ ከቤት ይዞ መሄድ ይቻላል። ዛፉ ላይ ዝንጀሮና ጦጣ ስላለ ግን መስኮት ክፍት ትታችሁ አትውጡ፤ ሙዝ ይሸታቸዋል።

ከሞምባሳ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ዲያኒ ድሮ በሊኮኒ ጀልባ መሻገር ግድ ነበር፤ ወረፋው ያሰለቻል። አሁን በዶንጎ ኩንዱ በኩል የተሠራው መንገድ ጀልባውን ያስቀራል። ሾፌሩን «በዶንጎ ኩንዱ ውሰደኝ» በሉት። ናይሮቢ ጉዳይ ያለበት ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሚሠራው ባቡር በአምስት ስድስት ሰዓት ሞምባሳ ይደርሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የኬንያ ሆቴሎች ብዙ ጊዜ «ለምሥራቅ አፍሪካ ነዋሪዎች» የሚል ዝቅ ያለ ዋጋ ያወጣሉ። ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች ይህ ዋጋ በደንቡ እኛን አይመለከትም። አይታችሁ ደስ ብሏችሁ ስትደርሱ ልዩነቱን ክፈሉ እንዳትባሉ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ከሞምባሳ በስተሰሜን ያሉት ኒያሊና ባምቡሪ ከዲያኒ ይረክሳሉ፤ ለከተማውም ቅርብ ናቸው። በበዓል ቀን ግን ሕዝብ ይሞላቸዋል። ለጸጥታ የሚሄድ ሰው ዲያኒን ይምረጥ።

ጅቡቲስ?

ብዙ ሰው በባቡር ይደረስባታል ብሎ ይጠይቃል። ከለቡ ተነስቶ ናጋድ የሚደርሰው ባቡር እውነትም አለ። ነገር ግን ጅቡቲ ለርካሽ ዕረፍት አትሆንም። ፍራንኩ ከዶላር ጋር ከ1973 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአንድ ምጣኔ የታሰረ ነው፤ ሆቴሉም ምግቡም ውድ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የምትሄዱበት ምክንያት አንድ ብቻ ቢሆን ከኅዳር እስከ ጥር በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚታየው ግዙፉ ዓሣ፣ ዌል ሻርክ ነው።

ወሩን በእኛ አቆጣጠር እናስላው

ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ሠርግ የሚበዛው በጥርና ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ጫጉላውም እንዲሁ። ፋሲካ ደግሞ ከመጋቢት 26 በፊት፣ ከሚያዝያ 30 በኋላ አይውልም። ይህ ጊዜ በዛንዚባርም በኬንያ ጠረፍም ትልቁ ዝናብ የሚወርድበት ነው። የሚያዝያና የግንቦት ዋጋ ርካሽ የሚሆነው ለዚህ ነው። አንዳንድ ሆቴሎች ጭራሽ ይዘጋሉ። ክፍት የሆኑትም ወጥ ቤታቸውን ቀንሰው፣ ሠራተኛ አሰናብተው፣ ቀለም እየቀቡ ነው የሚጠብቋችሁ። የግማሽ ዋጋ ማስታወቂያ ካያችሁ መጀመሪያ ወሩን ተመልከቱ።

ጥር ደረቅና ሞቃት ነው፤ ለሙሽሮች ጥሩ ነው፣ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው። ሐምሌና ነሐሴ፣ እኛ ጋ ዶፍ ሲወርድ፣ እዚያ ፀሐይ ነው፤ ነፋሻና ቀዝቀዝ ያለ። ልጆች ትምህርት ስለሌላቸው ያመቻል። ነገር ግን አውሮፓውያንም የሚመጡት ያኔ ነው። እንደ እኔ ምርጡ ጊዜ ከጳጉሜን እስከ መስከረም መጨረሻ ነው። ዝናቡ ገና ነው፣ ግርግሩም ይቀንሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ መግቢያ ትንሹ ዝናብ አለ፤ ዘንቦ ቶሎ ስለሚያባራ ብዙ አያስከፋም።

የማይታዩ ወጪዎች

ዛንዚባር ከጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ጎብኚ ሁሉ የደሴቲቱን የጉዞ መድን እንዲገዛ ታስገድዳለች፤ ለአዋቂ 44 ዶላር። ሌላ መድን ቢኖራችሁም ይሄኛው አይቀርም። ለባልና ሚስት 88 ዶላር መሆኑ ነው። ለአጭር ዕረፍት ይሄ ገንዘብ ሁለት አዳር ማለት ሊሆን ስለሚችል ከኬንያ ጋር ስታነጻጽሩ ደምሩት። በላዩ ሆቴሎች በሰው በአዳር የሚሰበስቡት የመሠረተ ልማት ግብር አለ፤ በዋጋው ውስጥ ካልተካተተ ስትወጡ ትጠየቃላችሁ። ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ ኑንግዊ ወይም ፓጄ ታክሲ 40 ዶላር ገደማ ያዙለት። ዕቃው ቀላል የሆነለት ሰው ከከተማው 116 ቁጥር ዳላ ዳላ (የእነሱ ሚኒባስ ታክሲ) ይዞ በጥቂት ሽልንግ ኑንግዊ ይደርሳል። ይጠባል፣ ይቆማል፣ ግን ያደርሳል።

ታንዛንያ ከ2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአገር ውስጥ ዋጋን በውጭ ገንዘብ መጥራት ስለከለከለች ሽልንግ መንዝሩ። የምትመነዝሩት ዶላር ከ2006 (እ.ኤ.አ.) በፊት የታተመ እንዳይሆን፤ አይቀበሉትም። ሶኬታቸው በሁለቱም አገር ባለ አራት ማዕዘን ሦስት ጥርስ ያለው ነው፤ አዳፕተር ከመርካቶ ይዛችሁ ሂዱ። ፌስታል ግን አትያዙ። ኬንያ በ2017፣ ታንዛንያ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ከልክለዋል፤ ሻንጣ ውስጥ ያለውንም ያስጥሏችኋል።

ደርሳችሁ ካልሆነላችሁስ?

ቅሬታችሁን በመጀመሪያው ቀን ተናገሩ። ስትወጡ የሚነገር ቅሬታ ጥቅም የለውም። ቧንቧውን፣ ኤሲውን፣ ከክፍሉ የሚታየውን ነገር በስልክ ቅረጹ። ክፍል እንዲቀየርላችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የተሻለ ክፍል አላቸው። ካልሆነ በገዛችሁበት መተግበሪያ በኩል እዚያው እያላችሁ ጻፉ፤ ከተመለሳችሁ በኋላ ማን ይሰማል? እኛ ቀድመን እንውጣ ስንል ሪዞርቱ «ገንዘብ አይመለስም» አለ፤ ውሉም ይህንኑ ይል ነበር። ፎቶዎቹን አያይዘን በመተግበሪያው ስንጽፍ ግን የቀሩት አዳሮች ከፊላቸው ተመለሰልን። ሙሉውን አላገኘንም። ለዚህ ነው ከተቻለ ደርሳችሁ የምትከፍሉበትን ወይም እስከ ዋዜማው ድረስ በነጻ የሚሰረዘውን ምርጫ ያዙ የምለው፤ ጥቂት ዶላር ቢጨምርም። ያልታየ ቦታ ሙሉውን አትያዙ። መጀመሪያ ሁለት አዳር፣ ከወደዳችሁት ማራዘም።

ከመያዛችሁ በፊት ሆቴሉን በዋትስአፕ ጠይቁ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ባሕሩ የት ነው? ዛሬ ያነሣችሁትን ፎቶ ላኩልኝ። የሻወሩ ውሃ ጨዋማ ነው? ኤሲው ቀን ይሠራል? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ? በእግር የሚደረስ ምግብ ቤት አለ? ግብሩ ተካቷል? የማይመልስ ሆቴል ዝለሉት። የመለሰውን ደግሞ አታጥፉት፤ ችግር ሲመጣ ሪሴፕሽን ላይ ከፍታችሁ የምታሳዩት እሱን ነው።